«ሂት» የሚለው ቃል ሁሉ «ሙቀት» ነው? ለትርጉም ሥራ እርዳታ

የጦሳ ሥር (ደሴ)፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደሴና ኮምቦልቻ ላሉ ደንበኞች ወደ አማርኛ የሚመለሱ አራት አጫጭር ጽሑፎች አሉ። አራቱም ላይ «ሂት» (heat) የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ይመላለሳል። መዝገበ ቃላቱ ለሁሉም «ሙቀት» ብሎ ይመልሳል፤ ዐረፍተ ነገሮቹ ግን አይቀበሉትም።

አንደኛው ስለ ላም ማዳቀል ለገበሬ የሚታደል ወረቀት ነው። «ላሟ ኢን ሂት ስትሆን ለአዳቃዩ ደውሉ» ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ «ሂት ስትሬስ የሂትን ምልክት ያደበዝዛል» የሚል አለ። በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያሉት ሁለቱ «ሂት» አንድ ሊሆኑ አይችሉም። ሁለተኛው የብረት መረከቢያ መመሪያ ሲሆን «በእያንዳንዱ እስር ላይ ያለው ሂት ነምበር ከሰርተፊኬቱ ጋር ይመሳከር» ይላል። ሦስተኛው የምግብ አሠራር ነው፤ «በሎው ሂት ለ20 ደቂቃ» የሚል አለበት። አራተኛው ለፋብሪካ ሠራተኞች ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነው፤ ስለ «ሂት ስትሮክ» ያስጠነቅቃል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ከዐረፍተ ነገሩ ብቻ ተነስቶ የትኛው «ሂት» እንደሆነ መለየት ይቻላል? በየሙያው ያሉ ሰዎችስ አፋቸው ላይ ያለው ቃል የቱ ነው? ገበሬውና ዕቃ ግምጃ ቤቱ የማያውቁት ቃል ወረቀት ላይ ቢጻፍ ጥቅም የለውም።

ሐረጎ፦

መለየት ይቻላል። ከቃሉ ፊት ያለችውን ትንሿን ቃል ተመልከት።

መጀመሪያ የምታየው ቃሉ መቆጠር አለመቆጠሩን ነው። እንግሊዝኛ የፊዚክሱን ሙቀት አይቆጥርም፤ እንደ ውሃና እንደ ዱቄት በጅምላ ይጠራዋል። ስለዚህ «ኤ ሂት» ወይም በብዙ ቁጥር «ሂትስ» ሲመጣ «ሙቀት» ብለህ አትጻፍ። ሦስት ዕድል ነው ያለው፦ ወይ የውድድር ማጣሪያ ምድብ ነው፣ ወይ ከማቅለጫ ምድጃ በአንድ ጊዜ የወጣ ብረት፣ ወይ የእንስሳ ኮርማ መፈለግ።

ሁለተኛ፣ «ኢን ሂት» ያለ «ዘ» ከመጣ ስለ እንስሳ ነው የሚያወራው። አሜሪካኖች «ኢን ሂት»፣ እንግሊዞች «ኦን ሂት» ይላሉ፤ ትርጉሙ አንድ ነው። «ዘ» ከገባችበት ግን ነገሩ ይገለበጣል። «ካው ኢን ሂት» ኮርማ የፈለገች ላም ናት። «ካው ኢን ዘ ሂት» ደግሞ ሐሩር ላይ የቆመች ላም ናት። አንዲት ፊደል የምታህል ቃል ናት፤ ካለፈችህ ገበሬው ላሙን ጥላ ሥር ያስገባና አዳቃዩን ሳይጠራ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ «ዘ ሂት» ከማጥፋት፣ ከመቀነስ ወይም ከመጨመር ጋር ከመጣ እሳት ነው። ከሰው ጋር ሲመጣ፣ ለምሳሌ አንድ ባለሥልጣን «ቴክስ ዘ ሂት» ሲባል፣ ወቀሳ ወይም ጫና ነው። «ኢን ዘ ሂት ኦፍ ዘ ሞመንት» የሚለውን አማርኛ «በንዴት» ወይም «በስሜት ተነሳስቶ» ብሎ ይጨርሰዋል፤ «በወቅቱ ሙቀት» የሚል አማርኛ የለም።

የማሽን መመሪያ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። እንግሊዝኛው «ሂት» እና «ቴምፕሬቸር» ብሎ የለያቸውን እኛ ሁለቱንም «ሙቀት» እንላቸዋለን። በንግግር ያስኬዳል፤ መመሪያ ላይ ግን ያሳስታል። በዲግሪ የሚለካውን «መጠነ ሙቀት» በለው፤ በጁል ወይም በካሎሪ የሚለካውን «ሙቀት» ብለህ ተወው። እዚያው ገጽ ላይ አንዴ የጀመርከውን አትቀይር።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)፦

የላሟን ወረቀት በተመለከተ። ገበሬው የሚለው «ላሟ ኮርማ ፈለገች» ነው። በእንስሳት እርባታ ማሠልጠኛዎች «ድራት» የሚል ቃል አለ፤ «የድራት ምልክት»፣ «የድራት ዑደት» ይባላል። ለገበሬ በሚታደል ወረቀት ላይ ግን ርዕሱንም አካሉንም «ኮርማ መፈለግ» ብለው ይጻፉ፤ «ድራት»ን አንዴ ብቻ ጎኑ ላይ ያስታውሱት። ስለዚህ ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር «ሐሩር የበዛባት ላም ኮርማ መፈለጓ በግልጽ አይታይም» ይሆናል።

ይህን ወረቀት የሚተረጉም ሰው ጉዳዩን ካላወቀ ሰዓቱን ያበላሸዋል፤ ስለዚህ ቁጥሮቹን ልጻፍ። ላም በአማካይ በየ21 ቀኑ ኮርማ ትፈልጋለች፤ ከ18 እስከ 24 ባለው ቀን መዋዠቅ ጤነኛ ነው። ፍላጎቱ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ይቆያል። ዋናው ምልክት ሌላ ላም ስትሰቀልባት ሳትሸሽ ቀጥ ብላ መቆሟ ነው። ሌሎቹ ረዳት ምልክቶች ናቸው፦ መጮህ፣ መቅበጥበጥ፣ ወተት መቀነስ፣ የብልት ማበጥ፣ እንደ እንቁላል ነጭ የጠራና የሚንጠለጠል ዝልግልግ ፈሳሽ። ራሷ ሌላ ላይ መሰቀሏ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ከበረት ውስጥ ኮርማ የምትፈልገው ብዙ ጊዜ የተሰቀለችው ሳትሆን የተሰቀሉባት ናት።

የማዳቀያው ሰዓት እንዲህ ነው። ጠዋት ቆማ ከታየች የዚያኑ ዕለት ማታ ትዳቀል፤ ማታ ከታየች በማግስቱ ጠዋት። ምክንያቱ እንቁላሏ የሚለቀቀው ፍላጎቱ ካለፈ ከ10 እስከ 14 ሰዓት ገደማ ቆይቶ መሆኑ ነው፤ ዘሩም ቀድሞ ገብቶ ጥቂት ሰዓታት መቆየት ያስፈልገዋል። በጣም ከተቸኮለ ዘሩ ይደክማል፤ ከዘገየ እንቁላሉ ያረጃል።

የእንግሊዝኛውን ወረቀት እስከ መጨረሻው ካነበቡት ሦስተኛ «ሂት» ሳይኖርበት አይቀርም፤ ዘሩን የማቅለጡ ሥራ ነው። የኮርማ ዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል። ስትሮዋ፣ ዘሩ ያለባት ቀጭን ቱቦ፣ ከዚያ ወጥታ ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ባለው ውሃ ውስጥ ለ30 እስከ 40 ሰከንድ ትነከራለች። ይህ «ሂት» እውነተኛው ማሞቅ ነው፤ «ለብ ባለ ውሃ» ይበሉት፤ ቁጥሩን ግን አይተዉ። «ሙቅ ውሃ» ከተባለ አንዱ 35 ሌላው 60 ዲግሪ ይረዳል፤ 60 ላይ ደግሞ ዘሩ ይሞታል።

ብየዳ ቤት፦

ብረቱ ላይ ያለው «ሂት ነምበር» «የሙቀት ቁጥር» ተብሎ ከተተረጎመ ተረካቢው በዲግሪ የሚለካ ነገር ይፈልጋል። ምንም አያገኝም፤ ፈርሞ ያሳልፈዋል። ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው።

ብረት ፋብሪካ ውስጥ ምድጃው አንዴ ተሞልቶ፣ ቀልጦ፣ የሚፈሰው ብረት አንድ «ሂት» ይባላል። ከዚያ አንድ ቅልጥ የወጣው ሁሉ አንድ ዓይነት ይዘት አለው፦ ካርቦኑ፣ ማንጋኒዙ፣ ሲሊኮኑ፣ ሰልፈሩ፣ ፎስፈረሱ እኩል ነው። ቁጥሩ የዚያ ቅልጥ መለያ ነው። በአማርኛ «የቅልጥ ቁጥር» ማለት ይቻላል። ነገር ግን መመሪያው ላይ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ «የቅልጥ ቁጥር፣ በመለያው ላይ ሂት ተብሎ የታተመው» ብለህ አብራራ፤ ዕቃ ግምጃ ቤቱ የሚያመሳክረው የታተመውን ነውና። ኮምቦልቻ የቆርቆሮና የምስማር ሥራ ያለበት ከተማ ስለሆነ ጥቅል ብረት የሚረከቡ ሰዎች ቃሉን በእንግሊዝኛው ያውቁታል።

መረከቡ እንዴት እንደሆነም ትርጉሙ ላይ በትክክል ይውጣ። ቁጥሩ ያለው በእስሩ መለያ ወይም በጥቅሉ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ፌሮ ላይ አይደለም። አንድ እስር ላይ ሁለት የተለያየ ቁጥር ከተገኘ ሁለት ሰርተፊኬት ያስፈልጋል። ላሜራ ሲቆረጥ ቁጥሩ ያለበት ጫፍ አብሮ ስለሚሄድ ከመቁረጥ በፊት ቁጥሩን ወደሚቀረው ቁራጭ ማዛወር ግዴታ ነው፤ በቀለም ወይም በብረት ማኅተም ተመትቶ። ይህ ከተረሳ የቀረው ቁራጭ ማንነቱ የማይታወቅ ብረት ይሆናል። ሰርተፊኬት ቢኖርም ከየትኛው ቁራጭ ጋር እንደሚገናኝ የሚያሳይ የለም።

ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል? ብየዳው ከይዘቱ ጋር ስለተሳሰረ ነው። የካርቦን ተመጣጣኝ የሚባለው ስሌት ካርቦኑን ይወስድና የማንጋኒዙን 1/6፣ የክሮሚየም፣ ሞሊብዲነምና ቫናዲየም ድምርን 1/5፣ የኒኬልና መዳብ ድምርን 1/15 ይጨምርበታል። ውጤቱ ከ0.40 እስከ 0.45 ካለፈ፣ በተለይ ብረቱ ወፍራም ከሆነ፣ ከመበየድ በፊት ማሞቅና እርጥበት ያልነካው 7018 ኤሌክትሮድ መጠቀም ያስፈልጋል። አለበለዚያ ብየዳው ከቀዘቀዘ በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ፣ ጎኑ ላይ ይሰነጠቃል።

የብየዳ መመሪያ ላይ «ሂት ኢንፑት» ከመጣ ግን እሱ ሙቀት ነው፤ «ወደ ብረቱ የሚገባ ሙቀት»። ቮልት በአምፒር በ60 ተባዝቶ በደቂቃ ለተሄደው ሚሊሜትር ይካፈላል። 24 ቮልት፣ 120 አምፒር፣ በደቂቃ 150 ሚሊሜትር ከሆነ በአንድ ሚሊሜትር 1,152 ጁል ይሆናል። ሲበዛ ብረቱ ይጣመማል፣ የብየዳው ዳርና ዳር ይዳከማል፤ ሲያንስ ከሥር ሳይዋሃድ ይቀራል። «ሂት ትሪትመንት»ንም ካገኘህ «በሙቀት ማከም» አትበለው፤ የሐኪም ሥራ ያስመስለዋል። አግሎ ማጠንከር ከሆነ «አግሎ ማጠንከር»፣ ማለስለስ ከሆነ «አግሎ ማለስለስ» በል። እንግሊዝኛው ሁለቱንም ስለሚጠቀልል የትኛው እንደሆነ ከጽሑፉ ፈልግ።

ሰኞ ገበያ (ደሴ)፦

ለምግቡ፣ «ሂት» እሳት ነው፤ ሌላ ቃል መፈለግ አያስፈልግም። «ሎው ሂት» ቀስ ያለ እሳት፣ «ሚዲየም» መካከለኛ እሳት፣ «ሃይ» ደመቅ ያለ እሳት። «ሪሙቭ ፍሮም ሂት» ከእሳት ማውረድ ነው። «ተርን ኦፍ ዘ ሂት» ደግሞ እሳቱን ማጥፋት ነው፤ ልዩነቱ ይጠበቅ። በከሰል ወይም በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ እሳቱ ቢጠፋም ብረት ድስቱ እዚያው ከተቀመጠ መብሰሉን ይቀጥላል። ወጡ እንዳያርር ወይም እንቁላሉ እንዳይደርቅ የፈለገ ጸሐፊ «ከእሳት አውርዱ» ሲል አውቆ ነው ያለው።

በከሰል ለሚሠሩ «ቀስ ያለ እሳት» የሚለው ብቻ አይበቃም። ከሰሉ ፍም ከሆነ በኋላ አመድ አልብሶ መተው እንደሆነ አስረዱ፤ ከዚያም ዝቅ ያለ ከተፈለገ ረመጥ ነው።

ሐረጎ ስለ ሙቀትና መጠነ ሙቀት ያለው እዚህ ድስት ውስጥ ይታያል። ውሃ ከባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደሴ የሚፈላው በ92 ገደማ፣ ወደ 1,850 ሜትር በምትጠጋው ኮምቦልቻ በ94 ገደማ ነው። አንዴ ከፈላ በኋላ ማገዶ ቢጨመር ውሃው ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ የተጨመረው ሙቀት ሁሉ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። አንድ ሊትር ውሃ ከ15 ዲግሪ ተነስቶ ደሴ ላይ እስኪፈላ 320 ኪሎ ጁል ገደማ ይበቃዋል። የፈላውን ሊትር ሙሉ በሙሉ ለማትነን ግን 2,280 ገደማ ይፈልጋል፤ ሰባት እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ የባቄላ ወይም የሽንብራ ንፍሮ ቶሎ አልበስል ሲል እሳት መጨመር ከሰል ማባከን ነው። መፍትሔው ሌሊቱን መዘፍዘፍ፣ መክደን፣ ወይም በግፊት የሚያበስለውን ድስት መጠቀም ነው። የውጭ አገር የምግብ አሠራር ላይ ያለውን የመቀቀያ ደቂቃም እንዳለ አትገልብጡት፤ ደሴ ላይ ይጨመርበታል።

ሌላ የሚያሳስተው በርበሬ ነው። የቅመም መለያ ላይ «ሂት ሌቭል» ሲል የማቃጠል መጠን ማለቱ ነው። አማርኛ ራሱ «ያቃጥላል» ስለሚል እዚህ ችግር የለም። ሁለቱ ቋንቋዎች መገጣጠማቸው ምክንያት አለው፦ በርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የሚነካው ነርቭ 43 ዲግሪ ገደማ የደረሰ ሙቀት የሚቀሰቅሰውን ነርቭ ነው፤ አንጎል ሁለቱን አይለያቸውም። ነርቩ ላይ ያለውን ይህን ስሜት ተቀባይ ያገኘው ዴቪድ ጁሊየስ በ2021 እ.ኤ.አ. ከሌላ ተመራማሪ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። «ሆት ሶስ»ን ግን «ትኩስ» አትበሉ። «ትኩስ ዳቦ»፣ «ትኩስ ወሬ»፣ «ትኩስ ነገር» እያልን ያሳደግነው ቃል ስለ አዲስነትና ስለ ሻይ ቡና ነው። ሚጥሚጣና ዳጣ ትኩስ አይባሉም፤ የሚያቃጥሉ ናቸው። የቃጠሎው ቦታም ፍሬው አይደለም፤ ፍሬው የተጣበቀበት ነጩ ሥጋ ነው። ውሃ አያበርደውም፤ ካፕሳይሲን ውሃ ውስጥ አይሟሟም። ወተት ወይም እርጎ ያበርደዋል።

አዝዋ (ኮምቦልቻ)፦

አራተኛውን ጽሑፍ ማንም ስላልነካው እዚህ ላይ ጠበቅ ብዬ እናገራለሁ፤ የሰው ሕይወት ያለበት እሱ ነው።

«ሂት ስትሮክ» ሦስት ዓይነት የተሳሳተ ትርጉም ይሰጠዋል። «ትኩሳት» ከተባለ አንባቢው ፓራሲታሞል ይሰጣል። ትኩሳት ሰውነት ራሱ መጠነ ሙቀቱን ከፍ ሲያደርግ ነው፤ እዚህ ግን የውጭው ሙቀት ሰውነትን አሸንፎታል። ስለዚህ ፓራሲታሞል አይሠራም፤ ጊዜም ያባክናል። «ስትሮክ» ብቻ ከተባለ አንባቢው ስለ አንጎል ደም ሥር ያስባል። «ፀሐይ መታው» የሚለው የሕዝብ አባባል ለገበሬ ጥሩ ነው፤ ቦይለርና ስቴንተር (ጨርቅ ወጥሮ በሙቀት የሚያደርቅ ማሽን) አጠገብ ጣሪያ ሥር ለሚሠራ ሰው ግን «እኔን አይመለከተኝም» ያሰኘዋል። «በሙቀት መመታት» ይበሉ።

ከእሱ የሚቀለው «ሂት ኤግዞስሽን» አብሮ ከኖረ «በሙቀት መዛል» ሊባል ይችላል። ልዩነቱ ፖስተሩ ላይ በጉልህ ይጻፍ። የዛለው ሰው ያልበዋል፣ ይደክመዋል፣ ራሱን ያዞረዋል፤ ግን አእምሮው ልክ ነው። ጥላ ሥር አሳርፎ በሕይወት አድን ንጥረ ነገር ውሃ ቀስ በቀስ ማጠጣት ይበቃል። በሙቀት የተመታው ደግሞ የሰውነቱ መጠነ ሙቀት 40 ዲግሪ ወይም በላይ ነው፤ ይቀባዥራል፣ ንግግሩ ይተሳሰራል፣ ወይም ይወድቃል። ማላቡ ቢቀጥልም ባይቀጥልም ያው ነው። እሱን አምቡላንስ ሳይጠብቁ እዚያው ማቀዝቀዝ ነው፦ ልብሱን አውልቆ ሙሉ ሰውነቱን በቀዝቃዛ ውሃ ማራስና ማራገብ። ራሱን ለሳተ ሰው አፍ ውስጥ ውሃ አይፈስም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ፖስተሩ ሥር ይግባ።

ጨርቃ ጨርቅ ስለተነሳ፣ «ሂት ሴቲንግ» ስቴንተር ላይ ፖሊስተርን ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ለ20 እስከ 30 ሰከንድ አሳልፎ መጠኑን ማርጋት ነው። «በሙቀት ማርጋት» ያስኬዳል።

የጦሳ ሥር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። «ኢን ዘ ሂት» እና «ኢን ሂት» ላይ ወረቀቱን መልሼ አየሁት፤ ሁለቱም አሉበት፤ በሁለት አንቀጽ ተለያይተዋል። አንድ ነገር ቀረ። ሐረጎ «የውድድር ማጣሪያ ምድብ» ያለው የስፖርት ዜና ላይ «ዴድ ሂት» ሲሆንስ?

ሐረጎ፦

«ዴድ ሂት» እኩል መግባት ነው። ሁለት ሯጮች ወይም ፈረሶች መስመሩን አንድ ላይ ሲያልፉና ፎቶውም ሳይለያቸው ሲቀር ነው። ከሙትም ከሙቀትም ጋር አያያዙት።

ማጣሪያው ላይ ደግሞ «ሂት 2» ማለት «ምድብ 2» ነው። የኦሎምፒክ 10,000 ሜትር አሁን በቀጥታ ፍጻሜ ስለሆነ ቃሉ አይመጣበትም፤ 5,000 ሜትርና 3,000 ሜትር መሰናክል ላይ ይመጣል። የማጣሪያ ውጤት ጎን ትልቁ «ኪው» (Q) በደረጃ ያለፈ፣ ትንሹ «ኪው» (q) በሰዓት ያለፈ ነው፤ በእነዚህ ሁለት ርቀቶች ግን በኦሎምፒክና በዓለም ሻምፒዮና ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሰዓት ማለፍ ቀርቷል። አማርኛ ሁለት መጠን ፊደል ስለሌለው «በደረጃ» እና «በሰዓት» ብለህ ጻፈው።

ቦርከና ማዶ፦

በላሟ ወረቀት ላይ አንድ እርማት ልጨምር። 12 እስከ 18 ሰዓት ያልኩት ለፈረንጅና ለድቅል ላሞች ነው። የአገራችን ዝርያዎች ፍላጎት ያጠረና የደበዘዘ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሌሊት ይጀምራል። ወረቀቱ ከውጭ የመጣ ከሆነ ይህን ስለማይል «ማለዳ ከመታለቧ በፊትና ማታ ከመሸ በኋላ ቢያንስ 20፣ 20 ደቂቃ ቆማችሁ ተመልከቱ» የሚል መስመር አስገቡበት። ቀን ሐሩር ላይ ማየት ብዙም አይጠቅምም።

ሌላው «ብሊዲንግ አፍተር ሂት» የሚለው ነው። ጅራቷ ላይ ደም ከታየ ገበሬው አዳቃይ ሊጠራ ይሮጣል። ያ ደም የሚታየው ፍላጎቱ ካለፈ ከ2 እስከ 3 ቀን በኋላ ነው፤ ያኔ ማዳቀል ከንቱ ነው። የሚጻፈው እንዲህ ይሁን፦ «ደም ካያችሁ ኮርማ መፈለጓ አልፏል። ቀኑን መዝግቡ፤ ከ16 ቀን በኋላ ጀምራችሁ ጠዋትና ማታ ተከታተሏት፤ ቆማ ስታዩአት ሰዓቱን ለአዳቃዩ ንገሩት»።